ከአስር ስንት

ትምህርት ቤት ሳልገባ ጀምሮ ክርኔና ጉልበቴ ላይ ነጭ ቅርፊት ያለው ቀይ ነገር ነበረብኝ። ጎረቤቶቻችን ጭርት ነው ይሉ ነበር። አባቴ ጠበል አስጠመቀኝ፣ እናቴ ቅቤ ቀባችኝ፤ አለቀቀኝም። አራተኛ ክፍል ስደርስ ከፀጉሬ ሥርም ወጣ። ያኔ እናቴ ከምንኖርበት ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ክንዴን አገላብጦ አየና ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ መሆኑን፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ነገረን። እናቴ ይህን ደጋግማ ጠየቀችው። ቤት የእኔ ፎጣ ለብቻው ነበር የሚሰጣው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ማሳከኩ ከአስር ስንት እንደሚሆን ጠየቀኝ።

ከአስር ስንት ሲባል የማውቀው የክፍል ፈተና ነው። ትንሽ ቁጥር ብናገር እናቴን የማሳፍራት መሰለኝና ዘጠኝ አልኩ።

"ኧረ ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ስትታከክ አይቻት አላውቅም" አለች እናቴ ደንግጣ።

እውነቷን ነው። ቁስል ታደርጊዋለሽ እያለች ስለምትቆጣኝ፣ ሳታየኝ ጀርባዬን ከግድግዳ፣ ክርኔን ከዴስክ ጠርዝ ጋር ማሸት ለምጄ ነበር። ሐኪሙ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ምን እንዳጠፋሁ ባይገባኝም ወደ ስድስት ዝቅ አደረግሁት። ቀጥዬ አራት አልኩ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወንበሩን አስጠጋ።

"ቁጥሩን ተይው። ቆዳሽን ምንም ሳይበላሽ የዋልሽበት ቀን እንዴት ነው?"

ብዙ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ቀን ትዝ አላለኝም።

"ቆዳውን የማይበላው ሰው አለ እንዴ?" አልኩት።

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የተናገርኩት ነገር መጥፎ ይሁን ደግ አላወቅሁም። ሐኪሙ ቅባት ጽፎልን፣ ሲያልቅ ተመለሱ ብሎ ሸኘን።

ቅባቱን እናቴ ጧትና ማታ ትቀባኝ ጀመር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ከሰሌዳ ስገለብጥ ሁለቱም እጆቼ ደብተሬ ላይ መሆናቸውን አየሁ። ቆዳዬ ዝም ብሏል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፤ ክንዴ የደነዘዘ መስሎኝ ቆነጠጥኩት። ቤት ገብቼ ለእናቴ አንድ ነገር ሆኛለሁ አልኳት። የት ጋ እንዳመመኝ ስትጠይቀኝ የማሳያት ቦታ አልነበረኝም።

ቅባቱ አልቆ ስንመለስ ሐኪሙ ያንኑ ከአስር ስንት የሚለውን ጥያቄ ጠየቀኝ። ዜሮ ማለት ከበደኝ፤ እኛ ክፍል ዜሮ ያገኘ ልጅ ይሳቅበታል። ቀስ ብዬ "አሁን አይበላኝም" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ጻፈ።

ክረምት ሲገባ ማሳከኩ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬም ይመጣል፣ ይሄዳል። አሁንም ሐኪም ፊት ተቀምጬ ቁጥር ስጠየቅ ቆም እላለሁ። ከትናንቱ ጋር ላወዳድረው ወይስ ምንም ከማይሰማው ሰው ጋር? አብዛኛውን ጊዜ አምስት እላለሁ፤ ትክክል ይሁን አይሁን ግን እስካሁን አላውቅም።