የማይከሽፍ ጥይት

ሜልበርን፣ ፖይንት ኩክ፤ ጎረቤቴ ስቲቭ ጋራዡን ከፍቶ ባዶ ቀለህ ውስጥ ባሩድ ይሞላል። አጋዘን አዳኝ ነው። «የፋብሪካ ጥይት ለማንም ጠመንጃ የተሠራ ነው፤ ይሄ ግን ለእኔው ጠመንጃ ተለክቶ ስለሚሞላ አይስትም» አለኝ። የባሩዱ ሽታ ግን አባዬ ጋ ወስዶኝ ነበር።

አባዬ ጦር ሜዳ የከረመ ወታደር ነበር። ከርከሮ በቆሎውን ሲጨርስብን፣ የተተኮሰ ቀለህ ለቃቅሞ በሻይ ማንኪያ ባሩድ ይሞላል፤ እማዬ ቀለሁን በአመድ ፈትጋ ታቀብለዋለች። ስንቱ ይከሽፍ ነበር! ከርከሮው ቀና ብሎ ያየንና መቆርጠሙን ይቀጥላል።

አንድ ቀን እማዬን መረራት። «ሣጥን ሙሉ የፋብሪካ ጥይት ቆልፈህ በዚህ ትጃጃላለህ? ያኛው መቼ ከሽፎ ያውቃል?»

«አንድም ቀን አልከሸፈልኝም» አላት፣ ከማንኪያው ቀና ሳይል።

ጉራ መስሎኝ ደስ አለኝ። እማዬ ግን አመዱን ከእጇ አራግፋ የሚቀጥለውን ቀለህ አቀበለችው፤ ከዚያ ወዲህ የሣጥኑን ነገር አንስታበት አታውቅም።

«አባቴም ይሞላ ነበር» ስለው ስቲቭ ፊቱ በራ።

«ጎበዝ ተኳሽ ነበራ!»

«ጦር ሜዳ ላይ አይስትም ነበር» አልኩት። «እስኪሞት የቆጨውም እሱ ነው።»