በገበያ ቀን የሚያፈሰው ጀልባ

ባለፈው ሳምንት ደባርቅ ላይ መብራት በጠፋ ጊዜ ጎረቤቴ ባለሱቁ ትንሿን ጄኔሬተሩን በራፉ ላይ አውጥቶ አስነሣ፤ ዘይት የተቀላቀለበት የቤንዚን ጭስ በመስኮቴ ሲገባ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምሁ ነበር፣ ድንገት እግሬ የራሰ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ካልሲዬ ደረቅ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጋር የቀበርሁት የመሰለኝ ነገር በአንድ ጭስ ተነሥቶ መምጣቱ አስፈራኝና መስኮቱን ዘጋሁት።

እኛ የተራራ ሰዎች ነን፤ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ገብስ ለሚያርስ ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል? ነገር ግን ግድቡ መጣ፣ ከመንደራችን ወደ ዳባት የሚወስደውን ሸለቆ ውሃ ሞላው፣ የድሮው የገበያ መንገዳችንም ከዳገቱ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ወርዶ እንደተለመደው ሁሉ ዝም ብሎ ውሃው ውስጥ ይገባ ጀመር። የደረቁ የጥድ ጫፎች ብቻ ከላይ ቀሩ። ግድቡን የሠሩት ሰዎች ሲሄዱ አንድ አሮጌ የብረት ጀልባ ያንኑ ጭስ ከሚተፋ ሞተሩ ጋር ተዉልን፤ አባቴ በወጣትነቱ ጎርጎራ ላይ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ስለሠራ ነጂው እሱ ሆነ። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርድ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙን ወባ እዚያው አስቀርታዋለች። በመንደራችን ዋና የሚችለውም እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን የምዋኘው እንደ ውሻ ነው ይል ነበር።

ጀልባው ማፍሰስ የጀመረው እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ የሚያፈሰውም በገበያ ቀን ብቻ ነበር። በሌላው ቀን የመንደሩን ተማሪዎች ጭኖ ደርቆ ሄዶ ደርቆ ይመለሳል። በገበያ ቀን ግን መሃል ስንደርስ፣ ታች ያለው ውሃ በጠቆረበት ቦታ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ውሃ ከወለሉ ይነሣና ቁርጭምጭሚታችንን ይይዛል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው ሥላሴን ይጠራሉ፣ እኔ በጣሳ እየቀዳሁ እደፋለሁ። ሳምንት በሳምንት እየባሰ ሄደ።

አባቴ ጀልባውን ገልብጦ በመዶሻ እያንኳኳ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠው፤ መንገድ ሠሪዎች የጣሉትን ሬንጅ አቅልጦ ሆዱን ለቀለቀው። አሁንም አፈሰሰ። በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ የሚያፈስ ገንቦ የሚታወቀው ውሃ ሲሞሉት ነው ብለው ፈረዱ። ሞተሩ ተፈታ፣ ጀልባው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ የመንደሩ ሴቶች ግማሽ ቀን ሙሉ ከግድቡ በእንስራ እየቀዱ ሞሉት፤ የወንዶቹ ድርሻ ጎንበስ ብሎ ሆዱን ማየት ነበር። ውሃው ጉልበት ላይ ሲደርስ ሴቶቹ ደከማቸውና ተዉት። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

«እንግዲህ ዕቃው ደኅና ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ ወገባቸውን ይዘው ቀና እያሉ።

ዕቃው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ ከሰው ነው ማለት ነው። ማንም ይህን አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ የሁሉም ዓይን ግን አንድ በአንድ ወደ እትዬ የሺመቤት ዞረ።

እትዬ የሺመቤት ብቅል ነጋዴ ነበሩ። ሁለት ባል ስለቀበሩ ገደ ቢስ የሚለው ሹክሹክታ ከጀልባው በፊት የነበረ ነው። የሚሻገሩት በገበያ ቀን ብቻ፣ ሦስት ጆንያ ብቅል ጀልባው ጭራ ላይ፣ ከሞተሩ ሥር ደርድረው፣ ራሳቸው ከላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ እወዳቸው ነበር፤ ከጆንያው ጣፋጭ ብቅል ዘግነው በእጄ ያስጨብጡኛል።

በሚቀጥለው ገበያ እስቲ ለዛሬ ብቻ ይቅሩልን ተባሉ። ከነጆንያቸው ዳር ላይ ቆመው ቀሩ፤ እኛ ተሻገርን፣ ጀልባውም ደርቆ ደረሰ። አንዲት ሴት እልል አለች። እኔ የእሳቸው ጆንያ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀምጬ ነበር፣ ወለሉ ላይ እንደ ሽልንግ ክብ የሆኑ ሁለት የፀሐይ ብርሃኖች አየሁ። ብርሃኑን ተከትዬ ከሞተሩ ሥር ሁለት ቀዳዳዎች አገኘሁ፤ ጣቴን ስሰድበት በወዲያ በኩል ንፋስ ነካው። ነገሩ ኋላ ነው በደንብ የገባኝ። ክረምት ላይ የሞተሩ ማሰሪያ ሲሰበር አባቴ ለማንም ሳይናገር ሞተሩን ወደ ጎን አዛውሮ፣ የድሮዎቹን የብሎን ቀዳዳዎች እንደ ጋን በጨርቅና በሰም ደፍኗቸው ነበር፤ ሰሙ ወድቋል። ጆንያዎቹ ጭራውን ሲጫኑት ቀዳዳው ከውሃ በታች ይሆናል፣ ጆንያ ከሌለ ከውሃ በላይ ነው፤ ጉልበት የደረሰው የሴቶቹ ውሃም እዚያ ድረስ አልሞላም ነበር።

ሰዎቹ እስኪወርዱ አባቴ ጣቴን ሲያይ ነበር። ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ «ልጄ፣ ይህን ካወቁ ሌላ ነጂ ያመጣሉ፤ እኔም ወደ መተማ ነኝ» አለኝ። ለማንም አልተናገርሁም። የዚያኑ ቀን ሁለት የወይራ ሽብልቅ ጠርቦ ቀዳዳዎቹ ላይ መታባቸውና በሬንጅ ለበጣቸው። ትንሽ ቀን ይለፍ እንጂ እትዬን መልሼ እጭናቸዋለሁ፣ ጀልባው እንደማያፈስ ሲታይ ስማቸው ይነጻል አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ፈርቶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ጀልባው አንድም ቀን አላፈሰሰም፣ ማስረጃውም ይኸው ሆነ። እትዬ የሺመቤት አህያቸውን እየነዱ በገደሉ ዙሪያ፣ ግማሽ ቀን በሚፈጀው መንገድ ገበያ ይሄዱ ጀመር። ትንሽ ቀን የተባለው ወራት ሆነ፤ አባቴ ሁልጊዜ ለሚቀጥለው ገበያ ይላል።

አሁን ግድቡን ደለል ሞልቶት ዳር ዳሩ ገብስ ይዘራበታል፣ የጀልባው ብረትም ተቆራርጦ የት እንደደረሰ እንጃ። አባቴ መተማ ሳይወርድ፣ አልጋው ላይ፣ እጁን ይዤው ሞተ። ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ባመሰገንሁ ቁጥር ደግሞ አፍራለሁ። ሹክ ያሉትም ያዩትም አልፈዋል፣ እውነቱን ብናገር የሚሰማኝ ሰው የለም። እትዬ የሺመቤት ከጀልባው ከቀሩ በኋላ በመጣው ክረምት ዕቃቸውን ሸጠው ጃናሞራ ወዳሉት ዘመዶቻቸው ሄዱ።

ከመሄዳቸው በፊት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረው ገበያ፣ አባቴ በመጨረሻ ጨከነና ጀልባውን ዳር አስጠግቶ ሞተሩን አጠፋ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ፣ ዛሬስ ይግቡ» አላቸው።

የአህያቸውን ገመድ በእጃቸው ላይ እየጠመጠሙ ጥቂት ቆሙ፤ ጀልባውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ለካስ ገደ ቢስነታቸውን እሳቸውም አምነውት ኖሯል።

«ተወኝ ታከለ፤ ልጆች አሉበት» አሉት አባቴን።

አህያቸውን ወደ ገደሉ መንገድ መለሱ። አባቴ ሞተሩን አስነሣ፤ እኔም ደረቁ ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ እጄን አውለበለብሁላቸው።