ወደ ግራ ያደላው ጀልባ

እህቴን ሰፈሩ በሙሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚላት። ዳቦ ስትቆርስ እንኳ እኩል ካልሆነ አይዋጥላትም። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ታናሿ ስለሆንኩ ሌላ የማሸንፍበት መንገድ አልነበረኝም።

አባታችን ዕድሜውን ሙሉ የእንጨት ጀልባ ሲሠራ ኖሯል። ከሐይቁ ማዶ እግሯ የማይታዘዝላት እህት አለችው። በየሳምንቱ እየቀዘፈ ይጠይቃት ነበር፤ የራሱ ጀልባ ከበሰበሰ ወዲህ ግን ሦስት ዓመት አላያትም። በመኪና እናድርስህ ስንለው «ዕቃ ነኝ እንዴ የምትጭኑኝ?» ይላል። ግትር ነው። እህቴም ያው የሱ ልጅ ናት።

«እኔ እሠራልሃለሁ» አለችው። የበሰበሰውን ጀልባ በሌዘር ለካች፣ ኮምፒውተር ላይ ሳለችው፣ ስስ ጣውላ በማሽን አስቆረጠች። ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ በሽቦ ሰፍታ መጋጠሚያውን በኮላ ሞላችው። አንድም ሚስማር የለውም። አባባ ወንበሩን የሥራ ቤቷ በር ላይ አድርጎ «ጀልባ ነው ወይስ ቀሚስ የምትሰፊው?» እያለ ያሾፍባት ነበር። ደስታው ግን ያስታውቅበታል፤ ጠዋት ጠዋት ከሷ ቀድሞ ነበር የሚገኘው።

ስትለካ ታዲያ አንድ ነገር አግኝታለች። የአሮጌው ጀልባ ግራ ጎን ከቀኙ ሁለት ሳንቲሜትር ይሰፋል። ሚሊሜትር ይህን ልታልፍ ነው? «አርጅቶ ተጣሞ ነው» አለችና የቀኙን ልክ ገልብጣ ለግራውም ሰጠችው። ጀልባው እኩል ሆነ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን አውቄ።

ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ ነው የሚቀዝፈው። ስለዚህ አባባ ትቶት ከሚሄደው ዳርቻ አንድ ምልክት ይይዛል፤ ምልክቱ ፊት ለፊቱ እስካለ ድረስ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ጀልባው ውሃ በገባበት ቀን እህቴን «አንቺ ዳርቻው ላይ ቁሚልኝ» አላት። ቆመች። ሃያ ጊዜ እንኳ ሳይቀዝፍ ጀልባው ወደ ግራው ዞረበት። አስተካከለው፤ ደግሞ ዞረ። ተመልሶ ወረደና «ጀልባውስ ደህና ነው። ያረጀሁት እኔ ነኝ» አለ። የድሮ መቅዘፊያዎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ሲሄድ ሳየው አለቀስኩ።

እህቴ አላለቀሰችም። መቅዘፊያዎቹን አውርዳ እጀታቸውን ትመረምር ጀመር። የቀኙ እጀታ በመዳፍ ብዛት ተበልቶ ቀጥኗል፤ የግራው ብዙም አልተነካ። ማዶ ላለችው አክስታችን ደወለች።

«አክስቴ፣ አባባ ግራ እጁን ምን ሆኖ ነበር?»

«በልጅነቱ ተሰብሮ በደንብ አልተጠገነለትም። ለሰው እንዳትነግሪ ብሎኛል፤ በኔ እንዳታሳብቢ።»

ለካ ለደንበኞቹ የሚሠራቸው ጀልባዎች ሁሉ እኩል ነበሩ። የራሱን ብቻ፣ በደካማ እጁ በኩል እንዳይዞርበት ግራ ጎኑን አስፍቶ ሠርቶት፣ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ ቀዘፈው። እህቴ አረምኩ ብላ ያጠፋችው ያንን ነው።

በማግስቱ መጋዙን አንስታ የግራውን ጎን ከላይ እስከ ታች ቀደደችው።

«ሌላ ዘዴ አይኖርም?» አልኳት።

«ይኖራል። እኔ የማደርገው ግን ይኼንን ነው።»

ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ሁለቱን ሳንቲሜትር ሙሉ በሙሉ መለሰች። አባባ በሩ ላይ አልተቀመጠም፤ ወደ ውሃው ያመጣሁትም በስንት ልመና ነው።

ጀልባው አጠገብ ሲደርስ ግራ ጎኑን በመዳፉ ዳበሰው። መሃሉ ላይ እጁ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሜትሩ።»

 ጀልባው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና መቅዘፊያዎቹን ያዘ። «ቁሚልኝ» አለ።

ቆመች። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመች፤ ዝንብ ፊቷ ላይ ሲያርፍ እንኳ እጇን አላነሳችም። አባባ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ እያነሰ ሄደ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለም። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሲጮህ «አንተ አንሳው» አለችኝ።

አክስታችን ነበረች፣ እያለቀሰች።

«ማዶ ወርዷል» አልኳት እህቴን። ያኔ ገና እግሯን አነሳች።