ሞዴል የሌለው ፈተና

ልጄ ሃይስኩል ልትጨርስ አንድ ዓመት ሲቀራት ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። የአማርኛ ፈተና ተፈትና ካለፈች የኮሌጅ ክሬዲት ይያዝላታል፤ ኮሌጅ ስትገባ የውጭ ቋንቋ ኮርስ መውሰድ አይጠበቅባትም ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ሳቅኩ። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ እዚያው ተምሬ፣ አማርኛ መቻል እንዲህ ያለ ነገር ያስገኛል ያለኝ ሰው አልነበረም።

እሷ አልሳቀችም። «አይ ዶንት ስፒክ ኢት» አለችኝ፣ አልናገረውም ማለቷ ነው። እዚሁ ሚኒያፖሊስ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ፊደሉን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን እየወሰድን አስቆጥረናታል፤ የምንለውን ሁሉ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። እኔና እናቷ ከመልመዳችን የተነሳ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንኳ ጠይቀን አናውቅም።

«ትፈተኛለሽ» አልኳት። ፈተና ላይ እኔን የሚያህል ሰው የለም ብዬ አስብ ነበር።

መጀመሪያ የፈለግኩት ሞዴል ነው። በእኛ ጊዜ ሞዴል ሳይሠራ ፈተና የሚገባ ተማሪ አልነበረም። ያለፉት ዓመታት ወረቀቶች ፎቶ ኮፒ እየተደረጉ ከእጅ እጅ ይዞሩ ነበር፤ አንዳንዱ ጥያቄ እንዳለ ተመልሶ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ ጋ ደውዬ ጠየቅኩ። የስፓኒሽ አለ፣ የፈረንሳይኛ አለ፣ የቻይንኛም አለ፤ የአማርኛ ግን የለም አሉኝ። ያላቸው አጭር መግለጫ ብቻ ነው፦ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር፣ ሁሉም ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ። ስልኩን ስዘጋ ደሜ ፈልቶ ነበር። ከሌለ እኔው አወጣዋለሁ አልኩ።

የምሠራው ሻኮፒ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። በምሳ እረፍቴ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጥያቄ አወጣ ጀመር። የመጀመሪያው ሞዴል አራት ገጽ ሆነ። ምንባብ አለው፤ ትክክለኛውን መልስ ምረጥ አለው፤ ባዶ ቦታ ሙላ አለው። ምንባቡ ስለ ንብ እርባታ ነበር። ለምን ንብ እንደመረጥኩ አትጠይቁኝ፤ እኔን የፈተነኝ ምንባብ ስለ ንብ ስለነበር ይመስለኛል። ልጄ ቀፎ ምን እንደሆነ አታውቅም። በቀይ እስክሪብቶ አረምኩና ከላይ «31/100» ብዬ ጻፍኩ። ያ ሳያንስ ደረጃም ሰጠኋት፦ ከአንድ ተማሪ አንደኛ። ለቀልድ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋችው።

እናቷ ከወጥ ቤት ሆና ስታየኝ ቆየች። «ልጅቷ የፈለገችው ክሬዲት ነው» አለችኝ። «አንተ ሚኒስትሪ ታስፈትናታለህ እንዴ?»

እውነቷን ነው። እኛ ሰፈር፣ ሲዋርድ ውስጥ ንብ የሚያረባ ጎረቤት የለንም። ስለዚህ ኑሯችንን ራሱን ፈተና አደረግኩት። ለማንበብ፣ ሰፈራችን ካለው የሐበሻ ሱቅ በር ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች ፎቶ አነሳሁ፤ የሚከራይ ክፍል፣ ሞግዚት የሚፈልግ ቤተሰብ፣ የጠፋ ቦርሳ። ለመጻፍ፣ በረዶ ሊጠረግ ስለሆነ መኪናውን ከመንገድ እንዲያነሳ ለጎረቤት ማስታወሻ ጻፊ አልኳት። ለማዳመጥ የእህቴን የድምፅ መልእክቶች ተጠቀምኩ። እህቴ ከአዲስ አበባ የምትልከው መልእክት ከሰላምታ ይነሳና ሳይታሰብ የጎረቤት ጠብ ውስጥ ይገባል። «አክስትሽ የተናደደችው በማን ነው? ለምን?» ብዬ ጠየቅኳት። ልጄ በምክንያቱ ላይ ተከራከረችኝ፤ ደግመን ስንሰማው እሷ ናት ልክ።

ስምንተኛው ሞዴል ላይ ስንደርስ በማዳመጥ፣ በማንበብና በመጻፍ ከሰማንያ በታች አታመጣም ነበር። መናገር ላይ ግን ዜሮ ናት። ዜሮ ስል ተሳሳተች ማለቴ አይደለም፤ አፏን አልከፈተችም። አንተ እዚህ ካለህ አልናገርም አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። ለምን ብላት ስልኳን አነሳች። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከአራቱ በአንዱ ከወደቀች ክሬዲቱ የለም፣ እኔም ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ጮህኩባት።

«ቢኮዝ ዩ ላፍ!» ብላ መልሳ ጮኸች። ስለምትስቅ ነው።

መቼ ሳቅኩ ብዬ ልከራከር ስል ነገረችኝ። ሰባት ዓመቷ ነበር። ክርስትና ተጠርተን ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ሐይቅ ሄደን ዓሣ አጥምደን እንደበላን በአማርኛ ለእንግዶቹ ልታወራ ተነሳችና «ዓሣው በላን» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ። በዚያም አልበቃኝም፤ ዘግይተው ለመጡት እንግዶች እንደገና አስነገርኳት። ለዓመታት «ዓሣ የበላት ልጅ» ስትባል ኖራለች።

እኔ ጨርሶ ረስቼው ነበር። እኛ ልጅ ስትናገር ብትሳሳት የምንስቀው ስለምንወዳት ነው፤ ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ የላትም። አፈርኩ። አባቴ እኔን ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚጀመርም አላውቅም ነበር። ብቻ «ይቅርታ፣ የኔ እናት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

ከዚያ ደንብ አወጣች። እሷ ስትናገር አጠገቧ መቀመጥ እችላለሁ፤ ከሳቅኩ ግን ፈተናውን እኔ እወስዳለሁ፣ አራሚዋ እሷ ናት። በሁለተኛው ቀን ስለ ትምህርት ቤቷ ምሳ ስታወራ ሳቅ አመለጠኝ። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳችና ስለ ሥራ ቀኔ ሁለት ደቂቃ አውራ፣ እንግሊዝኛ ክልክል ነው አለችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። «ዛሬ ካሩን ፓርክ አድርጌ፣ ሺፍቴን ልጀምር ስል ሱፐርቫይዘሬ...» ቀዩ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ይሮጣል። ስጨርስ ውጤቴን ሰጠችኝ፦ 19/100፣ ከሁለት ተማሪ ሁለተኛ። በአማርኛ ነው የጻፈችው። ከዚያ እስኪያማት ሳቀችብኝና፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «አባዬ፣ አንተ ትወድቃለህ!» አለች።

ለካ በአማርኛ ነው የተናገረችው። እናቷ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። እኔ በዓይኔ ዝም በይ አልኳት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሞዴል ሠራን፤ በሦስቱም የመናገሩን ክፍል ጀምራ ጨርሳለች። የፈተናው ቀን እኔው አደረስኳትና መኪና ውስጥ ጠበቅኳት። ስትወጣ እንዴት ነበር ብላት «ደህና ነው» ብቻ አለችኝ፣ በአማርኛ። ውጤቱ በኋላ መጣ። አራቱንም አልፋለች። መናገር ከሁሉም ዝቅ ያለው ነው፤ ግን አልፋለች፤ ክሬዲቱም ሙሉ ነው። ወረቀቱን ሻኮፒ ይዤ ሄድኩ። የአማርኛ አንድ ፊደል የማያውቀው ሱፐርቫይዘሬ ሳይቀር አይቶታል። ኩራት እንደሆነ ይታወቃል፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም።

የምርቃቷን ድግስ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ የባለቤቴ እህት ጓሮ ውስጥ አደረግን። ያኔ ክርስትናው ላይ የነበሩት ብዙዎቹ አሉ። ልጄ ሳንነግራት ተነሳችና እንግዶቹን በአማርኛ ማመስገን ጀመረች። ጥሩ እየሄደች ሳለ አንድ ቦታ ላይ ቃል ተገለበጠባት። ጓሮው ሳቀ። አንድ የድሮ ወዳጄ ከወንበሩ ተነስቶ «ዓሣ የበላት ልጅ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ባሰ።

አሥራ አንድ ሞዴል አውጥቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ ያለበት አንድም የለም። ልነሳና ዝም በሉ ልላቸው ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። እሷ ግን በእጇ ተቀመጥ አለችኝ። ቆማ ጠበቀቻቸው። የመጨረሻው ሰው ሳቁን እስኪጨርስ ድረስ እያንዳንዳቸውን አየቻቸው።

«ጨረሳችሁ?» አለች። «እንግዲያው ልቀጥል።»

ቀጠለችም፤ እስከ መጨረሻው፣ በአማርኛ።