በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር

ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው ሰፈራችን፣ በጣሊያን ጊዜ፣ አንድ ፈረንጅ ልጁን ይዞ መጥቶ ከደጃችን ፊት ለፊት ተከራየ። ሥራው ስለ ወግና ልማዳችን መጠየቅ ነበር፤ እንዴት እንደምንጋባ፣ እንዴት እንደምንቀብር። ለዚህ ብሎ ባሕር የሚሻገር ሰው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ልጅቷ እኩያዬ ነበረች። ከእኛ ጋር ስትጫወት አማርኛውን ለምዳ ለአባቷ አስተርጓሚ ሆነች።

የእኔ አባት ጫካ ገብቶ ነበር። የአርበኛ ሚስት መሆኗ ቢታወቅ ስለሚያስሯት፣ እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ጦር ሜዳ ሞተ ብላ አስወርታለች። እውነቱን የምናውቀው እሷ፣ እኔና የንስሐ አባታችን ብቻ ነበርን።

አንድ ቀን ፈረንጁ ስለ ለቅሶ ሲጠይቅ ቆየና፣ በልጁ አፍ፣ እናቴን የባለቤቷ ተዝካር መቼ እንደወጣ ጠየቃት። እናቴ ክው አለች። አቅም አጥታ መቆየቷን፣ አሁን ግን እየተሰናዳች መሆኑን ተናገረች። ፈረንጁ ደስ አለው፤ ከልጁ ጋር መጥቶ ማየት እንደሚፈልግ ነገራት።

ከዚህ ወዲያ ማፈግፈግ አልነበረም። ጠላው ተጠመቀ። የንስሐ አባታችን ለሕያው ሰው ፍትሐት አላደርስም ብለው ሲያስቸግሩ ከረሙና፣ በመጨረሻ በሞተው አያቴ የክርስትና ስም ሊጸልዩ ተስማሙ። የአባቴን የክርስትና ስም ጎረቤት አያውቀውም፤ ፈረንጁማ ከየት አምጥቶ።

አስከሬን ሳያይ የቀረ ሰፈር ያን ቀን ለቅሶውን አወጣው። እናቴ ደረቷን ስትመታ ሳይ ግራ ገባኝ፤ እንባዋ የምር ነበር። ትናንት ማታ የአባቴ መርዶ ደርሷት እኔን ደብቃኝ ይሆን? ቄሱን አየሁ። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተዋል። ፈራሁ።

ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

«የኔም እናት ሞታለች» አለችኝ። «ለሷ ግን ማንም እንዲህ አላለቀሰም። አባዬ ሻንጣችንን አዘጋጀና እዚህ መጣን።»

አሳዘነችኝ። የኔ አባት እንኳ አለ ብዬ ልነግራት ምንም አልቀረኝም። ያኔ አባቷ ከኋላዋ ቆሞ እንደሚያየን ልብ አልኩ።

«አባትሽ አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ።

ጥያቄው የራሷ ይሁን የአባቷ መለየት አቃተኝ። እናቴ ለቅሶዋን አቋርጣ አፍ አፌን ታየኛለች።

«አላውቅም» አልኳት። ልዋሽ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን አልዋሸሁም።