ከጉደታ እስከ እኔ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ነቀምቴ ላይ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ለሰው ስነግር ግን «የኮምፒውተር ሰው ስለሆንሽ ነው» ይሉኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ።

ባኬ ጃማ በሚባለው የከተማው ሰፈር ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የምኖረው ከአባቴ ከአቶ ተሬሳ ጋር ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ፖስታ ቤት ሠርቷል፤ የከተማውን ሰው ከነአባቱና ከነአያቱ ስም ያውቅ ነበር። ከዚያ ስትሮክ መታው። እጅና እግሩ ቶሎ ተመለሱለት፤ ስም ግን ጠፋበት። የማንኪያም፣ የወንበርም፣ የእኔም።

እንደሚያውቀኝ ዓይኑ ይናገራል። እጄን ይይዝና «አንቺ... አንቺ...» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ጠያቂው ሁሉ እየመጣ «ማን ነኝ? ታውቀኛለህ?» ይለዋል። አዳዳ፣ የአባቴ እህት፣ ከኡኬ በመጣች ቁጥር እኔን ፊቱ አቁማ ትፈትነዋለች። እኔም ከእሷ አልሻልም፤ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን ይዤ «አባኮ፣ ስሜ ማን ነው?» እለው ነበር። አንድ ቀን እንባው ዱብ ዱብ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንጀቴን በላው። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተውኩ። ስሜን ዳግመኛ ከአፉ እንደማልሰማም ለራሴ ነገርኩት።

በዚያው ሰሞን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አንድ መምህር ፋይሎቹ የጠፉበትን ዲስክ ይዞ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ለሁሉም የምለውን አልኩት። ኮምፒውተር ፋይል ሲጠፋበት ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የቱ የት እንደተቀመጠ የሚነግረው ዝርዝር ነው፤ ጽሑፉ እዚያው ቦታው ላይ አለ።

«የት እንዳለ ካልታወቀ ታዲያ በምን ታገኚዋለሽ?» አለኝ።

«ከመጀመሪያው ተነስቼ በተራ እያነበብኩ እወርዳለሁ። ስደርስበት ይገኛል።»

ይህን ብዬ ዲስኩን በእጄ አገላብጥ ጀመር። መምህሩ ስለ ዲስኩ የማስብ መስሎት ይጠብቃል። እኔ ግን ልጅነቴ ነበር የመጣብኝ። አባቴ የዘር ሐረጋችንን ሲያስቆጥረኝ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሩቁ አያታችን ከጉደታ ነበር። እከሌ እከሌን ወለደ እያልን እንወርዳለን፤ አንዱን ከዘለልኩ እንደገና ከጉደታ ያስጀምረኛል። ያኔ እንዴት ይሰለቸኝ እንደነበር!

ዲስኩን ለነገ አልኩና ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት በረርኩ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ምንም ሳልጠይቀው በኦሮምኛ «ጉደታ ፉፋን ወለደ» አልኩ።

ቀና አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ፉፋ... ዋቅጅራን ወለደ።»

ከዚያማ ማን ያቁመው። ማንኪያ ማለት ያቃተው ሰው አያቶቹን አንድ ሳይዘል አወረዳቸው። እኔ የረሳኋቸው ሁለት ስሞች ሳይቀሩ ነበሩበት። ክው ብዬ አዳምጣለሁ። «ጃለታ ተሬሳን ወለደ» አለና እዚያ ላይ ቆመ። ቆጠራው የሚወርደው በወንድ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ወንድ ልጅ የለም።

ዞር ብሎ አየኝ።

«ተሬሳ ሌሊሴን ወለደ» አለ።

እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ሳቀ።

የመምህሩም ፋይል በማግስቱ ተገኘ። የአባቴ ሐኪም ታሪኩን ስነግረው ደስ አለው፤ ነገር ግን አንጎልን የሚያህል ነገር እንደ ዲስክ አቅልዬ እንዳላይ መከረኝ። እውነቱን ነው። ቢሆንም አሁን ሱቄ ውስጥ ዲስክ በከፈትኩ ቁጥር እደነቃለሁ። በሰው እጅ የተሠራ ዕቃ ሰውን እዚህ ድረስ ይመስላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አባቴ ዛሬም ስሜን በቀጥታ አያገኘውም። ሲፈልገኝ ከጉደታ ይጀምራል። እኔም ጓዳ ሆኜ አያቶቼ በተራ ሲወርዱ እሰማለሁ። ተሬሳ ጋ ሲደርስ ተነስቼ በሩ ጋ እቆማለሁ፤ ስሜ ሳይጠራ ግን አልገባም።