እትዬ መቀስና የነቃ ሰው

እትዬ መቀስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰው ጋር ውለዋል፤ ሰውየው ግን ሁልጊዜ ተኝቶ ነበር። የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበሩ። ሐኪሙ መቀስ ብሎ ሳይጨርስ መቀሱ መዳፉ ላይ ነው፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። በማደንዘዣ የተኛን ሰው እንደ እሳቸው የሚያጫውት ደግሞ አልነበረም። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሲያወሩለት ይቆያሉ፤ በሽተኛው አንድም ቀን አቋርጧቸው አያውቅም።

ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ሲጀምሩ ጨነቃቸው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ልምድ ያላቸውን ነርሶች ለአንድ ዓመት ውጭ አገር እየላከ ወጣቶችን እንደሚያሠለጥን ሰሙና በነጻ ለማገልገል ተመዘገቡ። ታናሽ እህታቸው ሻንጣውን በጉልበቷ ተጭና እየዘጋች የሆዷን ተናገረች።

"እትዬ፣ አንቺ እኮ የምታውቂው የተኛ ሰው ነው። የነቃ ሰው መሐል ገብተሽ ምን ልትሆኚ ነው?"

እትዬ መቀስ ተቆጡ፤ ሁለት ቀን አኮረፏት። የተቆጡት ግን እውነት ስለነበረ ነው።

እንግዲህ አዲሱ ከተማ የደረሱት ሐሙስ ነው፤ ሥራው የሚጀመረው ሰኞ። የድርጅቱ አስተባባሪ የክፍላቸውን ቁልፍ ሲያስረክባቸው፣ ሐሳባቸውን ከቀየሩ እስከ ሰኞ ጠዋት እንዲነግሩት፣ የመመለሻ ትኬታቸውም ክፍት መሆኑን ገለጸላቸው። ለደግ ብሎ ነው፤ ባይላቸው ግን ይሻል ነበር። እትዬ መቀስ ወዲያው ከራሳቸው ጋር ተዋዋሉ። እስከ እሑድ ድረስ በዚህ ከተማ በሩን ሊያንኳኩበት የሚችሉት አንድ ሰው ካላገኙ፣ ሰኞ ሻንጣቸውን ያነሣሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ፍለጋ ወጡ። ቋንቋውን በማታ ትምህርት ተምረውታልና ችግሩ ቋንቋ አልነበረም፤ አመል ነው። መናፈሻ ውስጥ አንዲት ሴት አጠገብ ተቀምጠው ሰላም አሏት። ሴትዮዋም ፈገግ ብላ መለሰችላቸው። ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚባል ስላላወቁ፣ ሐሞት ከረጢቷን አስወጥታ እንደሆነ ጠየቋት። ሴትዮዋ ወዲያው ቀጠሮ ትዝ አላት። ካፌ ገቡ። አስተናጋጁ ሲያስነጥስ እትዬ መቀስ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ምንም ሳይነኩ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሰው የታጠበ እጁን ከጀርም የሚጠብቀው እንደዚያ ነው። ባለ ካፌው ግን ዘራፊ የገባ መስሎት ባንኮኒ ሥር ተደበቀ። ሒሳባቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ከሚኖሩበት ክፍል በታች ባለው ፎቅ ላይ አንድ ሊፍት ጠጋኝ ይኖራል። ጎልማሳ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ያን ቀን ልደቱ ነበር። የሕንፃውን ነዋሪ ጠርቶ ነበርና ደረጃ ላይ ሲያገኛቸው እሳቸውንም ጠራቸው። እትዬ መቀስ ክፍላቸው ገብተው ቀሚስ ሲመርጡ፣ ምን እንደሚያወሩም መስተዋት ፊት ሲለማመዱ ቆይተው ሲደርሱ ኬኩ ተቆርሶ ታድሎ ነበር። እንግዶቹ ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም። ቆመው ይጎርሳሉ፣ መልካም ልደት ይላሉ፣ በሩን ያያሉ። አንዲት የሒሳብ መምህርት ሰዓቷን ታያለች፤ ወፍራም የአውቶቡስ ሾፌር ሳያኝክ ይውጣል፤ አዲስ ተጋቢዎች ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። እትዬ መቀስን ያናገረ የለም።

አመል ያወጣል ከመሐል እንዲሉ፣ እጃቸው አላስችል አለው። መምህርቷ ናፕኪን ሳትፈልግ ናፕኪን እጇ ላይ ተገኘ። ሾፌሩ ሲያንቀው ውኃው ቀድሞ ከንፈሩ ላይ ነበር። ሳህን ሰበሰቡ፣ ሹካ አጠቡ፣ አደረቁ። ሊፍት ጠጋኙ በገንዘብ የቀጠራት አስተናጋጅ ናት ብለው ሁሉም ገመቱ፤ ወጣቱ ባል እንዲያውም ካፖርቱን እንዲያቀብሉት አዘዛቸው። እሳቸው ግን አልሰሙትም። ሹካዎቹን በቀይ ከፈይ በተለበጠው ሳጥን ውስጥ እየደረደሩ ሳለ አንድ ቦታ ባዶ ቀረ።

ሊፍት ጠጋኙን ሹካው ስንት እንደነበረ ጠየቁት። ሳጥኑን አየና "አሥራ ሁለት" አላቸው።

በእትዬ መቀስ ሙያ ሐኪምም ሆነ ሚኒስትር የማይሽረው ሕግ አለ። የተሠራበት ዕቃ ተቆጥሮ ካልሞላ የተከፈተ ሆድ ተመልሶ አይሰፋም። የጎደለው የት እንደቀረ ማን ያውቃል? ሄደው በሩን በጀርባቸው ዘጉ።

"ቆጠራው አልሞላም" አሉ። "ማንም አይወጣም።"

የሐሙስ እንግዳ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ስንቱን ፕሮፌሰር ያንቀጠቀጠ ድምፅ ነው። መምህርቷ ለአንድ ሹካ ነው ወይ ይህ ሁሉ ብላ ጀመረች። እትዬ መቀስ አዩዋት። ቦርሳዋን ከፈተች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሕንፃው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከመምህርቷ ቦርሳ በናፕኪን የተጠቀለለ ኬክ ወጣ፤ ጣፋጭ አልወድም ብላ ነበር። ከወጣቱ ባል ኪስ፣ ትቼዋለሁ ያለው ሲጋራ ሚስቱ ፊት ወጣ። ሶፋው ተገለበጠ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ ፍሪጁ ከግድግዳው ተፈናቀለ። ሰዉ ሲያልበው ካፖርቱን አወለቀ፤ ሲደክመው ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ ማውራት ጀመረ። ሚስት ስለ ሲጋራው ስትነዛነዝ መምህርቷ ሽማግሌ ሆነች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እትዬ መቀስም ፍለጋውን ቀጠሉ።

በመጨረሻ ጥርጣሬው ሾፌሩ ላይ አረፈ። ሳያኝክ ሲውጥ ሁሉም አይቶታልና እሱ ራሱም ስለ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም። እትዬ መቀስ ሶፋውን አቃንተው አስተኙትና ሆዱን በቀስታ እየተጫኑ እዚህ ያምሃል፣ እዚያስ ያምሃል እያሉ ይጠይቁት ጀመር። ሰውየው ከንጋት ጀምሮ አውቶቡስ ሲነዳ የዋለ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሳይደርሱ አንኮራፋ።

እትዬ መቀስ የተኛውን ሰው ሲያዩ ልባቸው አረፈ። ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ቀልሏቸው አያውቅም። እጃቸው ሆዱ ላይ እንዳለ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን ረስተው ማውራት ጀመሩ።

"ሰኞ የምመለስ ይመስለኛል፣ ልጄ። ሥራው አይደለም የከበደኝ። ሰው ነቅቶ ሲያየኝ ምን እንደሚባል አላውቅም። አገሬም እንዲሁ ነበርኩ፤ እዚህ እሻሻላለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። አንተ ግን ተኛ፣ አይዞህ።"

እትዬ መቀስ ቀና ሲሉ ሁሉም እያያቸው ነው። በሕይወታቸው እንደዚያ ያፈሩበት ቀን የለም። በሩን የዘጉት ራሳቸው መሆናቸውን ረስተው ወደ በሩ ሊሄዱ ሲነሡ፣ ሊፍት ጠጋኙ ፊታቸው ቆመ።

"ሹካው አልጠፋም" አለ። "ሳጥኑ ሲገዛም አሥራ አንድ ነበረ።"

"አሥራ ሁለት አላልከኝም?"

"መጀመሪያ ተሳስቼ ነው። በኋላ ግን እርስዎ በሩን ዘጉት፣ ሰዉም ካፖርቱን አውልቆ ተቀመጠ። በየዓመቱ እጠራቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ተቀምጠው አያውቁም። ብናገር ይሄዱብኛል ብዬ ፈራሁ።"

በቆጠራ የሚዋሽ ሰው በእሳቸው የቀዶ ሕክምና ክፍል አንድ ቀን አያድርም ነበር። ሊቆጡት አፋቸውን ከፈቱ፤ ቁጣው ግን አልመጣላቸውም። ፍሪጁን ወደ ቦታው እንዲመልስ ብቻ አዘዙት፤ ወጣቱ ባልም ሊያግዘው ተነሣ። ሌላው ከመቀመጫው አልተነቃነቀም። አሁን በሩን የሚጠብቅ የለም፤ የሚወጣም የለም።

መምህርቷ ከናፕኪኑ ውስጥ ኬኳን አውጥታ በግልጽ ስትበላ ቆየችና፣ ፊቷን ሳትፈታ እትዬ መቀስን ተመለከተቻቸው።

"እኔ ቤት ደግሞ ማንኪያ ይጎድላል" አለች። "ነገ ከሰዓት በኋላ።"

እትዬ መቀስ "ከስንት?" አሉ።

"እሱን መጥተው ይቁጠሩት" አለቻቸው።